54 ዓመት ሠርተው ምን አተረፉ?

ፒያሳ ስል የአዲስ አበባው እንዳይመስላችሁ። የሐዋሳው ፒያሳ ነው፤ ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም የማይርቀው። ዛሬ ስልክ ቤቱ፣ ካፌው፣ ባጃጁ የሞላበት ሰፈር በአንድ ወቅት የትኩስ እንጨትና የቫርኒሽ ሽታ ነበረው። ከሽታው የተወሰነው የአያቴ ነው።

እኛ የልጅ ልጆቻቸው “አባባ” ነበር የምንላቸው። ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ በራሳቸው ስም እንጨት ሠርተው ሸጠዋል። አልጋ፣ ቡፌ፣ ቁም ሳጥን፣ በርና መስኮት፣ ሲመጣም የአሣ አጥማጆች ጀልባ ጥገና። በ2016 ዓ.ም. አረፉ። አርባቸው ካለፈ በኋላ ቤተሰቡ ንብረት ሊቆጥር ተቀመጠ። የተገኘው የሚኖሩበት ቤት፣ አንድ አሮጌ መሰንጠቂያ ማሽን፣ ጓሮ የተደረደረ የዋንዛ ጣውላ፣ ያገለገለ ባጃጅ እንኳን የማይገዛ የባንክ ተቀማጭና ሰባት ወፍራም የሒሳብ ደብተሮች ነበሩ።

አክስቴ “54 ዓመት ሠርቶ ይኸው ነው?” አለች። በጥላቻ አይደለም፤ የምር ገርሟት ነው። ኢኮኖሚክስ የተማርኩት እኔ ነኝና ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ደብተሮቹን ይዤ ሄድኩ። አንብቤ ስጨርስ ያገኘሁትን ነው እዚህ የምነግራችሁ።

ከይርጋለም የመጣው አናጢ

አባባ ሙያውን የጀመሩት ይርጋለም ነው። ይርጋለም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረች ናት። ሐዋሳ ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች ገና ጨቅላ ከተማ ነበረች። አዲስ ከተማ ለአናጢ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ቤቱ ሁሉ በር ይፈልጋል፤ ቤት የገባው ሰው ሁሉ አልጋ ይፈልጋል። አባባ በ1957 ዓ.ም.፣ የ17 ዓመት ልጅ ሆነው መጡ። አምስት ዓመት ተቀጥረው ሠሩና በስድስተኛው የራሳቸውን ከፈቱ።

የሙያው ቋንቋ ግማሹ ጣልያንኛ ነው። ሞራሌው፣ ሞርሳው፣ ኮምፔንሳቶው፣ ሰፈሩ ፒያሳ ራሱ። አባባ ጣልያንኛ አያውቁም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ሲናገሩት ይውሉ ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ልክ በገብርኤል ዕለት፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። የአባባ ሱቅ የኪራይ ስለነበረ የተወረሰባቸው ነገር የለም። ኪራይ የሚከፍሉት ግን ለግለሰብ መሆኑ ቀርቶ ለቀበሌ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ በግል ነጋዴ ካፒታል ላይ ጣሪያ ተበጀ። አባባ ይህንን ሲያወሩ ይስቁ ነበር፤ “እኔ ወለሉ ላይ ሆኜ ጣሪያው ምን አገባኝ!”

ሁለት ክረምት

ደብተሮቹን ሳይ መጀመሪያ የገረመኝ በእንጨት ግዢና በዕቃ ሽያጭ መካከል ያለው ጊዜ ነው። አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት። ምክንያቱ ቀላል ነው። እርጥብ እንጨት ከተሠራ በኋላ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ በሩ ክረምት ላይ አልዘጋ ይላል። በጥላ ሥር እያናፈሱ ለማድረቅ አናጢዎች የሚይዙት ልማዳዊ ስሌት ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ነው። ያ ማለት ብራችሁን አንድ ዓመት ሙሉ ጓሮ ደርድራችሁ ትጠብቃላችሁ ማለት ነው።

ታዲያ ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ደረቁና እርጥቡ እንጨት ለገዢ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 በታተመ ጽሑፉ ስለ እንዲህ ዓይነት ገበያ ጽፏል። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለጥሩው ጥሩ ዋጋ አይከፍልም፤ ቀስ በቀስ ጥሩ ዕቃ የሚያቀርበው ሰው ከገበያ ይወጣል። እሱ ምሳሌ ያደረገው ያገለገሉ መኪናዎችን ነው። በኋላ የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል።

አባባ አከርሎፍን አያውቁትም። መፍትሔውን ግን በየደረሰኙ ጀርባ በእጃቸው ይጽፉ ነበር፤ “ሁለት ክረምት ውስጥ ከተጣመመ መልሱልኝ።” በቃ፣ ይህ ነው ዋስትናው። በሰባቱ ደብተሮች ውስጥ “ተመላሽ” ተብሎ የተጻፈው 11 ጊዜ ብቻ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ። ብዙ አናጢ አማረረ። አባባ ለተራው ሥራ ወደ ፈረንጅ ጽድና ባሕር ዛፍ ዞሩ። ዋንዛ ሲያስፈልጋቸው ደግሞ በቡናና በእንሰት ማሳቸው ላይ ያበቀሉትን የሲዳማ ገበሬዎች ይጠብቁ ነበር። ዋንዛ ለቡና ጥላ ይሆናልና ገበሬው አርጅቶ ካልሆነ አይቆርጠውም። የጓሮው ክምር የተጠራቀመው እንዲህ አንድ በአንድ ነው። አሁን ሳሰላው ደግሞ ክምሩ ከባንክ ደብተሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ብር ሲረክስ ጣውላው ዋጋውን ይዞ ቆይቷላ!

ተፎካካሪ የሚያሳድግ ነጋዴ

ሦስተኛው ደብተር ላይ “ሽኝት” የሚል ርዕስ አለ። ሥሩ የተጻፈው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ መላጊያ፣ አንድ መጋዝ፣ ሁለት መሮ፣ አንድ መዶሻ። ሙያውን ለምዶ ለሚወጣ እያንዳንዱ ለማጅ የተሰጠ ስጦታ ነው፤ በወጪ የተመዘገበ። ቆጠርኳቸው፤ 23 ናቸው። ከነሱ ዘጠኙ የራሳቸውን ቤት ከፍተዋል፤ ሁለቱ እዚያው ፒያሳ፣ አባባ በራቸው ላይ ቆመው በሚያዩት ርቀት።

እዚህ ጋ የተማርኩት ትምህርት ተቃወመኝ። ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው የሰው ካፒታል መጽሐፍ እንዳለው፣ ድርጅት ለየትኛውም ቀጣሪ የሚሆን ሙያ በራሱ ወጪ አያስተምርም። ተማሪው ነገ ጥሎ ከሄደ ጥቅሙን የሚያገኘው ሌላ ነውና። አባባ ግን ማስተማር ብቻ አይደለም፤ ሲሄዱ መሣሪያ ያስይዟቸዋል። ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን “አባባ፣ ገበያዎን እኮ እየሰጡ ነው” ብያቸው ነበር።

“አንድ ሱቅ ገበያ አይሆንም” አሉኝ። “ሰው ከዲላ ተነሥቶ ሐዋሳ የሚመጣው አንዱ ጋ ካጣ ሌላው ጋ እንደማያጣ ሲያውቅ ነው።”

ደብተሩ ይመሰክርላቸዋል። በ1998 ዓ.ም. ከአንድ ትምህርት ቤት 240 ዴስክ ታዘዙ፤ ጊዜው ሁለት ወር። ለአንድ ቤት የማይታሰብ ነው። አባባ ከአምስት የቀድሞ ለማጆቻቸው ጋር ለስድስት ተከፋፈሉት፤ ለእያንዳንዱ 40። ከዚያ በኋላ እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ ደብተሩ ላይ ይደጋገማል። ከውጭ የመጣው የኤምዲኤፍ ዕቃ ገበያውን ባጥለቀለቀበት ጊዜ ብዙ አናጢ ቤቶች ሲዘጉ እነዚህ ያልተዘጉት እንጨት፣ ሥራና ማሽን እየተዋዋሱ ነው።

ስለዚህ መልሴን አዘጋጀሁ። አባባ ትርፋቸውን ያስቀመጡት ባንክ ሳይሆን ሰው ላይ ነው ልል ነበር። ግን መጀመሪያ እማማን ማነጋገር ነበረብኝ።

ደብተሩ ላይ የሌለው ሒሳብ

አያቴ እማማ ጨርሰው ሰሙኝና “ደግ ነው፤ ደግነቱን እኔም አውቃለሁ” አሉ። “ግን የእሱ ደግነት የተከፈለው ከእኔ ጓዳ ነው። እነዚያ ልጆች ምሳ የሚበሉት የት መሰለህ?”

ዝም አልኩ። 23 ለማጅ፣ እያንዳንዱ ሁለትና ሦስት ዓመት፣ በየቀኑ ምሳ። በሰባቱ ደብተር ውስጥ አንዲት እንጀራ አልተመዘገበችም። በአገር ደረጃም እኮ እንዲሁ ነው፤ እናቶች ያለ ክፍያ ቤት ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ጂዲፒ ውስጥ አይቆጠርም።

ቀጥዬ ሌላ ነገር ጠየቅኋቸው። በ1974 ዓ.ም. “ማሽን ተገዛ” ይላል፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም። ከብድርም የለም፣ ከሽያጭም የለም። እማማ ሳቁ። “የእኔ ዕቁብ ነዋ! ለራሴ ቀሚስ ልገዛበት ነበር የጀመርኩት።”

መሰንጠቂያ ማሽኑ ያን ሁሉ ዓመት የሠራው በእማማ ገንዘብ ነው ማለት ነው። ድርጅቱ ሁለት ባለቤት ነበረው፤ ፊርማው ግን የአንድ ሰው ነው።

ይህንን ለቤተሰቡ ሳቀርብ ወሬው ስለ ትዝታ ብቻ አልነበረም። አንድ ደላላ ማሽኑንና ጣውላውን ጠቅልሎ በጥሬ ገንዘብ ሊወስድ ዋጋ ሰጥቶ ነበር። በሌላ በኩል የአባባ የመጨረሻው ለማጅ በሦስት ዓመት ከፍሎ ለመጨረስ ጠየቀ። የደላላው ዋጋ ይበልጣል፤ ወዲያውም ይከፈላል። ክርክሩ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። በመጨረሻ ለለማጁ ይሰጥ ተባለ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ክፍያው ለልጆቹ የሚከፋፈል ሳይሆን ሙሉ በሙሉ በእማማ ስም ይሁን። ቅድመ ሁኔታውን ያመጣችው አክስቴ ናት። በዋጋው ግን እስካሁን አልተስማማችም፤ መብቷ ነው።

አሁን በየወሩ መጀመሪያ እማማ ስልክ ላይ የቴሌብር መልእክት ይገባል። ማንበብ ስለማይችሉ እኔ ወይም ታናሽ እህቴ እናነብላቸዋለን። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ያስደግሙናል።

እናንተም ቤት እንዲህ ዓይነት ደብተር አይጠፋም። የልብስ ሰፊ፣ የወፍጮ ቤት፣ የሱቅ፣ የዱቤ። አይጥና እርጥበት ሳይቀድማችሁ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱት፤ ስልካችሁ ለዚህ ይበቃል። ባለቤቱ በሕይወት ካለ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት፤ ማን አስተማረህ፣ ለማን አስተማርክ፣ የመጀመሪያውን ብር ከየት አመጣህ? ከዚያ ጓዳ ግቡና ያንኑ ጥያቄ ለአያታችሁ ድገሙላቸው። መልሱ አንድ ላይሆን ይችላል።