«በቃኝ» የሚያሰኘው ጂን

በቀን አምስት ሲጋራ አጭሶ የሚበቃው ሰው አለ፤ ፓኮ ጨርሶ ሌላ የሚከፍትም አለ። ስለ ሱስ ሲወራ ሁሌ የሚጠየቀው ሁለተኛው ሰው ምኑ ጣመው የሚለው ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የመጀመሪያው ነው፤ እንዴት አቆመ? ኒኮቲን የትንባሆ ተክል ነፍሳት ቅጠሉን እንዳይበሉበት የሚያመርተው መርዝ ነው። መጠኑ ሲያልፍ ያቅለሸልሻል፣ ያዞራል፣ ላብ በላብ ያደርጋል። አንጎል ከዚያ በፊት «በቃኝ» የሚልበት መንገድ አለው፤ የመንገዱ ጥንካሬ ደግሞ በከፊል ከወላጆቻችን የምንወርሰው ነው።

ነርቮቻችን መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ኬሚካሎች አንዱ አሴቲልኮሊን ይባላል። መልእክቱን የሚያነቡት በሕዋሱ ሽፋን ላይ የተተከሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ናቸው። ኒኮቲን አሴቲልኮሊንን ስለሚመስል እነዚሁኑ ተቀባዮች ሳይጠራ ያስነሣቸዋል። እንዲያውም የተቀባይ ሐሳብ ራሱ ለኒኮቲን ባለ ዕዳ ነው፤ የካምብሪጁ ጆን ላንግሊ እ.ኤ.አ. በ1905 ሕዋሳት አንዳች «ተቀባይ ነገር» አላቸው ብሎ የጻፈው ኒኮቲን የዶሮን ጡንቻ ያለ ነርቭ እርዳታ ሲያኮማትር ተመልክቶ ነበር።

እያንዳንዱ ተቀባይ ከአምስት ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። ክፍሎቹ አልፋና ቤታ እየተባሉ በቁጥር ይለያሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ጂን አለው። በ1998 ማሪና ፒቾቶ፣ ዣን ፒየር ሻንዡና ባልደረቦቻቸው የቤታ 2 ጂን የሌላቸውን አይጦች ፈተኑ። አይጦቹ አስቀድመው ኮኬይን በራሳቸው መውሰድ ተምረው ነበር። ኮኬይኑ በኒኮቲን ሲተካ ጤነኞቹ መውሰዳቸውን ቀጠሉ፤ ቤታ 2 የጎደላቸው ግን ተዉት። በ2005 ደግሞ ሻንዡና ባልደረቦቹ ጂኑን በቫይረስ አሳዝለው፣ ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘውን ዶፓሚን የሚያመነጩ ሕዋሳት ወዳሉበት የአንጎል ክፍል ብቻ ሲመልሱት ፍላጎቱም አብሮ ተመለሰ። እዚህ ድረስ ታሪኩ የደስታ ታሪክ ነው።

በ2008 በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ዘረመል ያነጻጸሩ ጥናቶች ሲወጡ ግን የጠቆሙት ሌላ ቦታ ነበር፤ 15ኛው ክሮሞዞም ላይ ወዳለው አልፋ 5 እና ወደ ጎረቤቶቹ። በአልፋ 5 ጂን አንዲት ፊደል ስትለወጥ በፕሮቲኑ 398ኛ ስፍራ የሚቀመጠው አሚኖ አሲድ ይቀየራል። ለውጡን ከአንድ ወላጅ የወረሰ አጫሽ ካልወረሰው ይልቅ በአማካይ በቀን አንድ ሲጋራ ያህል ይጨምራል፤ ከሁለቱም ከወረሰው ሁለት። ግራ ያጋባው ነገር፣ የተለወጠው ተቀባይ በቤተ ሙከራ ሲፈተሽ ለኒኮቲን የሚሰጠው ምላሽ ከተለመደው የደከመ መሆኑ ነው። ምላሹ ደክሞ ማጨሱ እንዴት ይበረታል?

መልሱን የሰጡት እንደገና አይጦች ናቸው። በ2011 የፖል ኬኒ ቡድን አልፋ 5 የሌላቸውን አይጦች ኒኮቲን እንዲወስዱ ለቀቃቸው። መጠኑ አነስተኛ ሲሆን ከጤነኞቹ የሚለያቸው ነገር አልነበረም። መጠኑ ሲጨምር ግን ጤነኞቹ እየቀነሱ ሄዱ፤ እነዚህ አልቀነሱም። ተመራማሪዎቹ ጂኑን ወደ ዶፓሚኑ ሠፈር ሳይሆን ሃቤኑላ ወደተባለች፣ በአንጎል ውስጠኛ ክፍል ወዳለች ትንሽ አካል ሲመልሱት አይጦቹ እንደገና መጠናቸውን ማወቅ ጀመሩ። ሃቤኑላ ከልክ ያለፈ ኒኮቲን ሲደርሳት የምሬት ምልክት ትልካለች። አልፋ 5 ሲደክም የሚላላው ይህ ፍሬን ነው፤ ቤንዚኑ አልጨመረም።

ይህ ለሳንባ ካንሰር ክርክርም ፍንጭ ሰጥቷል። ያው የ15ኛው ክሮሞዞም ክፍል ከሳንባ ካንሰር ጋር ተያይዞ ተገኝቶ ነበር፤ የሲጋራው ብዛት ብቻውን ግን አደጋውን አልገለጸውም። በኋላ በደም ውስጥ ኮቲኒን፣ ማለትም ኒኮቲን ሲፈርስ የሚተወው ንጥረ ነገር፣ ሲለካ ለውጡን የያዙ ሰዎች ከእኩል ሲጋራ የበለጠ ኒኮቲን እንደሚስቡ ታየ። አብልጠው ወደ ውስጥ ይስባሉ። ሲጋራ መቁጠር ጭስን መለካት አይደለም።

ለውጡ ከአውሮፓውያን ጂን ቅጂዎች በሲሶ ያህሉ ላይ ይገኛል፤ በምዕራብ አፍሪካና በምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ዘንድ ግን ብርቅ ነው። እዚያም ሱሰኛ አጫሽ ሞልቷል። ማጨስ መጀመርን በተመለከተ ይህ ጂን እምብዛም ድርሻ የለውም፤ በአጫሾች መካከል ያለውን የብዛት ልዩነት እንኳ የሚያብራራው አንድ በመቶ ገደማውን ነው። ኒኮቲንን የሚያፈርሰው የጉበት ኢንዛይምም የራሱ ጂን አለው፤ ኢንዛይሙ ቀርፋፋ የሆነበት ሰው ኒኮቲኑ በደሙ ስለሚቆይለት ቶሎ ቶሎ አያጨስም። ስለዚህ በምራቅ ምርመራ ሱሰኝነትህን እነግርሃለሁ የሚል ነጋዴ ቢመጣ ገንዘቤን አላወጣበትም።

ሲጋራ ለማቆም ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ቫረኒክሊን ነው። ቤታ 2 ያለባቸውን ተቀባዮች ይዞ በግማሽ ብቻ ያስነሣቸዋል፤ ጥማቱን ያበርዳል፣ ኒኮቲኑ ሲመጣም ቦታውን ተይዞ ያገኘዋል። የታለመው የደስታው ወገን ላይ ነው። የሃቤኑላን ፍሬን የሚያጠብቅ መድኃኒት ገና ፋርማሲ አልገባም።