የአይብ ጥቅምና የእሳቱ ነገር

ገበያ ዳር በሳህን የሚቀርብ አይብ መንገድ ላይ ለሚውል የቁም እንስሳት ነጋዴ ጥሩ ምግብ ነው። ከ100 ግራም አይብ 80 ግራም የሚጠጋው ውሃ ሲሆን 15 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ይህም ከሁለት እንቁላል ይበልጣል። ስቡ 2 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ምክንያቱም እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ አይብ የሚሠራው ከተረፈው አሬራ ነው። ስብ ቀንስ የተባለ ሰው ሳይሰጋ ሊበላው ይችላል።

ካልሲየምን በተመለከተ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ማርጊያ የሚሠራው ጠንካራ የፈረንጅ አይብ ካልሲየሙን ይዞ ይቀራል። የእኛ አይብ የሚረጋው በኮምጣጣነቱ ስለሆነ አሲዱ ካልሲየሙን ከፕሮቲኑ ያላቅቀዋል፤ አብዛኛውም ከአጓቱ ጋር ይወርዳል። አጓቱን ለውሻ የሚደፋ ቤት ለአጥንት የሚሆነውን ነው የሚደፋው።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሙቀቱ ነው። አይብ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ካልፈላ ወተት ነው፤ አሬራው እሳት ላይ የሚቆየውም እስኪቋጥር ብቻ ነው። ለመቋጠር 40 ወይም 50 ዲግሪ ሊበቃው ይችላል። በከብት፣ በፍየል፣ በበግና በግመል ላይ ውርጃ የሚያስከትለውን የብሩሴሎሲስ ተሕዋስያን ለመግደል ግን ይህ አይበቃም፤ 63 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ መቆየት አለበት። መኮምጠጡም አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። ጥሬ ወተት ረግቶ አጓቱ የሚወጣለት የቦረና ኢቲቱም እሳት ስለማይነካው ስጋቱ ያው ነው።

በሽታው ሰው ሲይዝ ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ ሌሊት ያልባል፣ ወገብና መገጣጠሚያ ያማል። ወባ ወይም ታይፎይድ ነው እየተባለ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። የተለመደው ሕክምና ሁለት ዓይነት መድኃኒት ለ6 ሳምንት መውሰድ ነው። በመንገድ ለሚኖር ነጋዴ 6 ሳምንት ሳያቋርጡ መዋጥ ቀላል አይደለም፤ ካቋረጠ ደግሞ ያገረሽበታል። ሥራ የተፈታበት ጊዜ ሲታሰብ ኪሳራው ከመድኃኒቱ ዋጋ ይልቃል።

መፍትሔው አይብ መተው አይደለም። አሬራው ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ቢሠራ የአይቡ መጠንም ይዘቱም ብዙ አይለወጥም። ስለዚህ ባለሙያዋ 70 ዲግሪ አካባቢ አድርሳ ግማሽ ሰዓት ብታቆየው ከአይቡ የምታጣው ነገር የለም። ከ80 ካለፈ ግን ጣዕሙ ይበላሻል። ሌላው መንገድ ወተቱን አስቀድሞ አፍልቶ፣ ካቀዘቀዙ በኋላ ከፈላ ወተት የተሠራ እርጎ ጨምሮ ማርጋት ነው። ገዢ ደንበኛ ሆኖ አሠራሩን ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ቅቤውም ጥሬ ነው፤ ተነጥሮ ከሆነ ግን እሳቱን አግኝቷል።

ከግመል ወተት አይብ መሥራት የሞከረ ሰው አልረጋ ብሎት ይሆናል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ በጥጃው ማርጊያ የግመል ወተት በደንብ አይቋጥርም። ግመል የሚያረባ አካባቢ ወተቱን የሚጠጣው በዚህም ምክንያት ነው፤ የሚያፈላው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ይኸው በሽታ ንግዱንም ይነካል። ወደ ሳዑዲ የሚጫን እንስሳ በኳራንቲን ደሙ ለብሩሴሎሲስ ይመረመራል፤ የተገኘበት አይጫንም። ስለዚህ ነጋዴው ከመንጋው ሲገዛ በዚህ ዓመት ያስወረደች አለች ወይ ብሎ መጠየቁ ለሁለት ነገር ይጠቅመዋል፦ እንስሳውን ለመምረጥ፣ በዚያው ቤት የሚቀርብለትን አይብና ወተትም ለመወሰን።