ተጨማሪ መረጃ፦ አዲስ የተገጠመ ኮምፒውተር ሲግል

እብናት ላይ ክፍሎቹን ገዝታችሁ የገጠማችሁት ዴስክቶፕ ገና ባዮስ ላይ ሳለ፣ ምንም ሥራ ሳይሰጠው የፕሮሰሰሩ ሙቀት 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካሳየ ወዲያውኑ አጥፉት፤ ገመዱንም ከሶኬት ንቀሉ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ማቀዝቀዣው ከፕሮሰሰሩ ጋር በደንብ አለመግጠሙ ነው። አንሥታችሁ ሥሩን እዩት። ብረቱ ላይ የተለጠፈው ስስ ፕላስቲክ ሳይላጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሙቀት አስተላላፊው ቅባት በአንድ በኩል ብቻ ከታተመ ደግሞ ሌላው ጥግ ላልቷል ማለት ነው። አሮጌውን ቅባት በአልኮል ጠርጉ፤ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት መሐል ላይ አድርጉና ብሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቃችሁ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። የፋኑ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ለፕሮሰሰሩ በተለየው መሰኪያ መግባቱንም አረጋግጡ።

ከፍታም ድርሻ አለው፤ ግን ቀድሞ የሚጠረጠር አይደለም። ለምሳሌ ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የደጋው ብርድ ይህን በከፊል ያካክሳል። ሙቀቱ እየጨመረ ከሄደ ግን ብዙዎቹ ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሲደርሱ ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ።