የሣራማ አረሞችን የዘር ምርት በፀረ-አረም መግታት፦ የርጭት ጊዜ አመራረጥ ችግር

በደቡባዊ አውስትራሊያ የስንዴና የጥራጥሬ ማሳዎች ዋነኛ አረም የሆነው ራይግራስ በቡቃያነት የሚረጩበትን ኬሚካሎች መቋቋም ከጀመረ ቆይቷል። ዲክሎፎፕ-ሜታይልን የተቋቋመው ዓይነት በ1982 እ.ኤ.አ. ሲዘገብ፣ ግላይፎሴትን የተቋቋመው በ1996 እ.ኤ.አ. ተገኝቷል። ስለዚህ ከርጭት ተርፎ የሚያፈራው ተክል የተመራማሪዎችን ትኩረት ሳበ። የራይግራስ ዘር በአፈር ውስጥ በሕይወት የሚቆየው ለጥቂት ዓመታት በመሆኑ፣ አዲስ ዘር እንዳይወድቅ ከተደረገ ክምችቱ በፍጥነት ይመነምናል።

ርጭቱ የሚካሄደው አረሙ ካበበ በኋላ፣ ፍሬው ወተት ይዞ ማሸት በሚጀምርበት ወቅት ነው። ተክሉ ዓመታዊ ስለሆነ በራሱም ጊዜ ይደርቃል፤ መሞቱ ብቻውን ፋይዳ የለውም። ግላይፎሴት ከስኳር ጋር ተጉዞ ወደ ታዳጊው ፍሬ ይደርሳል፤ ፓራኳት ግን የነካውን አረንጓዴ ክፍል አድርቆ ለፍሬው የሚሄደውን ምግብ ያቋርጣል። በሁለቱም መንገድ የሚገኘው ዘር የሟሸሸና አብዛኛው የማይበቅል ይሆናል። የዛላውን ብዛት በዓይን አይቶ ውጤቱን መገመት ስለሚያሳስት የመብቀል ፍተሻ የግድ ነው።

ዋናው ችግር ከሰብሉ ጋር ነው። አረሙ ለርጭት በተመቸበት ቀን ሰብሉ ፍሬውን ሞልቶ ካልጨረሰ ምርት ይቀንሳል፤ ሰብሉ እስኪደርስ ከተጠበቀ ደግሞ የአረሙ ዘር ጠንክሮ ያመልጣል። ቀድሞ የሚደርሰው አተር ለዚህ አሠራር ይመቻል፤ የሚዘገየው ሽምብራ ግን ብዙም አይመችም። ግላይፎሴት የተረጨበት ምርት የመብቀል አቅሙ ሊጎዳ ስለሚችል ለዘርነት አይያዝም።

በአርሲና በባሌ የስንዴ ገበሬዎች ዘንድም የታወቀው ሲናር ከአጨዳ በፊት ዘሩን ስለሚያራግፍ የሰብሉን መድረስ መጠበቅ ትርጉም የለውም። በአውስትራሊያ ለዚሁ አረም ስንዴውን ሳይጎዳ የሲናሩን ዘር የሚቀንስ ፍላምፕሮፕ-ሜታይል የተባለ መራጭ ኬሚካል፣ አረሙ አገዳ በሚያወጣበት ጊዜ ይረጭ ነበር።

ሌላው እንቅፋት የራይግራስ ዛላዎች በአንድ ጊዜ አለማበባቸው ነው፤ አንድ ርጭት ሁሉንም አይደርስባቸውም። ያመለጡት ዘሮች ደግሞ፣ በተለይ ግላይፎሴት ከዘር በፊትም በዛላ ላይም ከተረጨ፣ ኬሚካሉን የተቋቋሙት የመሆናቸው ዕድል ከፍተኛ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ የአውስትራሊያ ገበሬዎች በአጨዳ ወቅት ከኮምባይነር የሚወጣውን እብቅ ሰብስበው ያቃጥላሉ፣ ወይም የአረሙን ዘር በሚፈጭ መሣሪያ ያሳልፉታል።