ከኮርቻ ላይ የታየ ጅብ

በጉራጌ ምድር ፈረስ ለሚጋልብ ሰው «አውሬ» ማለት በተግባር ጅብ ነው። ነብር ከቡታጅራ በላይ ካለው የዘቢዳር ተራራም ሆነ ከወልቂጤ ወዲያ ካለው የግቤ ሸለቆ ጨርሶ አልጠፋም። ይሁን እንጂ ዓይኑ ያረፈው ፍየልና ውሻ ላይ ነው፤ ሰው ከተቀመጠበት ፈረስ ጋር ግብግብ መግጠም ልማዱ አይደለም። ጅብ ግን ጎረቤት ነው። ቀን ገደል ሥርና ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሲመሽ ሰው በሚሄድበት መንገድ ይሄዳል። ፈረሰኛ ጠባዩን አጥርቶ ማወቅ ያለበትም ስለዚህ ነው።

በአገራችን ሁለት ዓይነት ጅብ አለ። አንዱ ሸንተረር ያለው፣ አነስ ያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን የሚዞር ሲሆን ለፈረሰኛ ይህን ያህል አያሰጋም። ሌላው ነጠብጣብ ያለበት፣ ማታ ማታ ሲጮህ የምንሰማው ነው። ይህኛው ከ45 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ በመንጋው ውስጥ የበላይነቱም የእሷ ነው። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ወገቡ ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፤ ሲራመድ ላየው ሰው የታመመ ይመስላል። አበው «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ያሉት ይህን አካሄዱን አይተው ነው። ያ አነካሽ የሚመስል እንስሳ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ከፍጥነቱ ይልቅ ደግሞ ጽናቱ ያስፈራል። ሳይደክም ኪሎ ሜትሮችን ያሳድዳል።

ጥንብ በል ብቻ ነው የሚለው እምነት አሁንም ሥር እንደሰደደ ነው። ሃንስ ክሩክ የተባለው ተመራማሪ በታንዛኒያ በሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ ጅቦችን ሌሊት ሌሊት ሲከታተል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው መጽሐፍ ይህን እምነት አፍርሶታል። በተለይ በንጎሮንጎሮ ጅቦች የሚበሉትን አብዛኛውን ራሳቸው አድነው የሚገድሉት ሆኖ ተገኘ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ሌላው ግኝቱ ነው። ሌላ እንስሳ ለማደን አንድ ወይም ሁለት ጅብ ሊነሳ ይችላል፤ የሜዳ አህያን ሲፈልጉ ግን አስር ገደማ ሆነው አስቀድመው ተሰባስበው ይወጣሉ። የሜዳ አህያ የፈረስ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ይራገጣል፣ ይናከሳል፣ አውራው ከኋላ ሆኖ መንጋውን ይከላከላል። ጅብ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ጤነኛና ጠንካራ ፈረስን ብቻውን ሆኖ ለመጋፈጥ የማይቸኩለውም ለዚህ ይመስለኛል። ሰው ሲጨመርበት ደግሞ ፈረሱ ይበልጥ ይገዝፋል፤ ከላይ ድምፅም ብርሃንም ይመጣል።

ታዲያ አደጋው የት ነው? በእኔ እምነት ለጋላቢው ከጅቡ ጥርስ ይልቅ የራሱ ፈረስ ድንጋጤ ያሰጋዋል።

ፈረስ ሲፈጠርም ታዳኝ ነው። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያውን ለማለት በሚቻል ደረጃ ያያል፤ የማይታየው ግንባሩ ሥር ያለው ጠባብ ቦታና ከጭራው በስተኋላ ያለው ብቻ ነው። በጨለማም ከሰው የተሻለ ያያል። ጅብ ሲሸተው የሚያሳየውን ምልክት ጠጋ ብሎ ያስተዋለ ሰው ከማንኛውም የእጅ ባትሪ በፊት ወሬ ይደርሰዋል። መጀመሪያ ጆሮዎቹ ይቀሰራሉ፤ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይቆማሉ እንጂ እንደ ወትሮው አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ አይዞሩም። ቀጥሎ አንገቱ ወደ ላይ ይመዘዛል፣ አፍንጫው ይነፋል፣ አንድ ጊዜ ኃይለኛ ትንፋሽ ያስወጣል። ከኮርቻው በታች የጎኑ ጡንቻ ሲጠጥር ለጭን ይሰማል። እግሩ ይቆማል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ፈረሱ ይደነብራል። ወደ ጎን ይዘላል ወይም ዞሮ ሽምጥ ይጋልባል። ያልተዘጋጀ ጋላቢ ድንጋይ ላይ የሚወድቀው፣ እግሩ እርካብ ውስጥ ተቀርቅሮ የሚጎተተው ያኔ ነው።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1996 በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ፕሪንስተን በምትባል ከተማ አቅራቢያ አንዲት እናት ከሦስት ልጆቿ ጋር በፈረስ ስትጓዝ የአሜሪካ የተራራ አንበሳ የሚባለው ትልቅ የድመት ዘር በስድስት ዓመት ልጇ ላይ ዘለለ። ፈረሱ ደነበረ፣ ልጁም ከኮርቻው ወደቀ፤ አውሬው የያዘው መሬት ላይ ነው። እናትየው ከፈረሷ ወርዳ ከአውሬው ጋር ተናንቃ ልጇን አስጣለች፤ እሷ ግን በዚያው ሕይወቷ አለፈ። በኋላም የአገሪቱ የጀግንነት ሜዳይ ተሰጣት። ስለ ፈረሰኛና አውሬ ባሰብኩ ቁጥር ይህች ሴት ትታወሰኛለች። ልጁ ኮርቻው ላይ ቢቆይ ኖሮ ታሪኩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል ነበር።

የጉራጌ አባቶች ለዚህ ችግር የነበራቸው መልስ በመንደሩ አሠራር ውስጥ ይታያል። ጀፎረ የሚባለው ሰፊው የሣር መንገድ ቤቶቹን በግራና በቀኝ አሰልፎ በመካከል ይዘረጋል፤ በብዙ ቦታ በርካታ ፈረሰኞች ጎን ለጎን ሊያልፉበት ይበቃል። ለቅሶውም ሠርጉም የመስቀል ጭፈራውም የሚካሄድበት ነው፤ የፈረስ ግልቢያውም እንዲሁ። እንሰቱ ከቤቱ ጓሮ ስለሚተከል መንገዱ ዳር አውሬ የሚያደፍጥበት ጥሻ አይኖርም። በጀፎረ ላይ የሚጋልብ ሰው ከሩቅ ያያል፤ ፈረሱም ያያል። ቢደነብር እንኳ የሚወድቀው ሣር ላይ ነው። ለጅብ ተብሎ ተሠራ ለማለት አልደፍርም፤ ለፈረሰኛ የሚሰጠው ደኅንነት ግን ግልጽ ነው። ዛሬ በየአቅጣጫው አጥር እየገፋበት፣ ባሕር ዛፍ እየተተከለበት ጀፎረ እየጠበበ መሄዱ የሚያሳዝነኝ ለውበቱ ብቻ አይደለም።

ሌላው መልስ ማደሪያው ነው። በባህላዊው የጉራጌ ቤት ከብቱና ፈረሱ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ሳር ክዳኑ ከፍ ያለ፣ ግድግዳው በወፍራም እንጨት የታጠረ ነው፤ በሩ ከውስጥ ከተቀረቀረ ጅብ ሌሊቱን ሙሉ ቢዞር የሚያገኘው የለም። በዚህ ዓይነት የሚያድር ፈረስ ለጅብ የሌት እራት የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው።

ከተማው ላይ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ቡታጅራም ወልቂጤም የጋሪ ፈረስ ያቃናቸው ከተሞች ናቸው፤ ሲሚንቶውን፣ እህሉን፣ ተማሪውን ሲያመላልስ የኖረው እሱ ነው። ባጃጅ ገበያውን ከወሰደ ወዲህ ግን የጋሪ ፈረስ ዋጋ ወረደ። እግሩ የተሰበረ፣ ጀርባው በጋሪው ማሰሪያ የቆሰለ፣ ወይም በየከተማው የጋሪ ፈረስን የሚያጠቃው ቆዳ የሚያፈነዳ የፈንገስ በሽታ የያዘው ፈረስ ለባለቤቱ ወጪ ብቻ ይሆናል። ያኔ መንገድ ዳር ይለቀቃል። በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች መውጫ ላይ ይህን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ራሱን ደፍቶ፣ አንድ እግሩን አንስቶ፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ቆሞ የሚያመሽ ፈረስ። በማግስቱ ጠዋት ሲታይ የለም። አንዳንዴ ሰኮና ይቀራል።

ይህ በእንስሳው ላይ የሚፈጸም ጭካኔ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ለፈረሰኛው የሚያተርፈው ጦስ ግን ሌላ ነው። ጅብ ብልህ እንስሳ ነው፤ ምግብ ያገኘበትን ቦታና ጊዜ አይረሳም። በትግራይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ይህን በአኃዝ አሳይቶታል። ተመራማሪዎቹ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ወቅትና ከጾሙ በኋላ የጅብ ኩስ ሰብስበው በውስጡ ያለውን ጸጉር መረመሩ። ከጾሙ በፊት የአህያ ጸጉር የተገኘው 15 በመቶ ያህል በሚሆነው ኩስ ውስጥ ነበር፤ ሥጋ ቤት ተዘግቶ አጥንትና አንጀት ከከተማ በጠፋባቸው 55 ቀናት ግን ወደ 33 በመቶ አሻቀበ። ጾሙ ሲፈታ መልሶ ቀነሰ። ጅቡ የሰውን የጾም አቆጣጠር ተከትሎ ከቆሻሻ ክምር ወደ ጋማ ከብት ዞረ ማለት ነው።

በጉራጌ ከተሞች ሙስሊምና ክርስቲያን ተጎራብተው ስለሚኖሩ እርዱ በዐቢይ ጾምም ጨርሶ አይቆምም፤ ስለዚህ ለውጡ የዚያን ያህል ስለት ላይኖረው ይችላል። መርሁ ግን አንድ ነው። ቆስሎ የተጣለ ፈረስ ጅብን «ፈረስ ይበላል» ብሎ ያስተምረዋል፤ ያውም ያለ ልፋት፣ ያውም በከተማ ጠርዝ፣ ከገበያ አምሽቶ የሚመለስ ጋላቢ በሚያልፍበት መንገድ ላይ። የማይድን ፈረስ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ተወስዶ ሳይሰቃይ ቢያልፍና በጥልቅ ጉድጓድ ቢቀበር፣ የሥጋ ቤት ተረፈ ምርትም በየቦዩ ባይጣል፣ ብዙው አደጋ ከሥሩ ይደርቃል ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያው ግን የግድ የሚያመሽ ሰው አለ። ቢቻል ሁለትና ሦስት ሆኖ መጋለብ ነው። ፈረሱ ጆሮውን ሲቀስር ልጓሙን ሰብሰብ አድርጎ፣ ከኮርቻው ጠለቅ ብሎ ተቀምጦ፣ እርካቡን በእግር ጫፍ ብቻ መርገጥ፤ ቢወድቁ እግር እንዳይያዝ። ጅቡ ከታየ ፈረሱን ወደ እሱ አዙሮ መቆም፣ መጮህ፣ ባትሪ ፊቱ ላይ ማብራት። ከሁሉ የከፋው ሽምጥ ማስጋለብ ነው። የሚሸሽ ነገር የጅብን የማሳደድ ጠባይ ይቀሰቅሳል፤ የሚሮጥ ትልቅ እንስሳንም የሚነክሰው ከኋላ፣ ከታፋውና ከሆዱ ሥር ነው። በዚያ ላይ በጨለማ፣ በተቦረቦረ መሬት የሚጋልብ ፈረስ ራሱ ይሰናከላል። ከፈረስ መውረድም አይመከርም፤ ሰው ከወረደ ትንሽ ይሆናል፣ ፈረሱም ጥሎት ይሄዳል።

ጥርስ ካረፈ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ጅብንም እንደሚይዝ ማስታወስ ያስፈልጋል። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን መጀመር የግድ ነው። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ መዳን እጅግ ብርቅ ነውና እስኪታይ መጠበቅ አይቻልም። የተነከሰው ፈረስም በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም ይታያል፤ ውጤቱ እስኪለይም ከሌሎች ከብቶች ተነጥሎ ይታሰራል፤ አፉንና ምራቁን በባዶ እጅ የሚነካ ሰው አይኖርም።