የ300 ጫማው ደብዳቤ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤት ያለው ሰው አንድ ቀን ከከተማው የፕላን መሥሪያ ቤት ደረቅ ያለ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ጎረቤቱ ቤቱን ደንቡ ከሚፈቅደው በላይ ወደ ወሰኑ አስጠግቶ ሊሠራ፣ ወይም ማዶ ያለው ምግብ ቤት ቢራና ወይን ሊሸጥ ፈቃድ ጠይቋል፤ አስተያየት ያለው በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አዳራሽ ይቅረብ ይላል። ብዙው ሰው የሸቀጥ ማስታወቂያ መስሎት ይጥለዋል።

ከተማው ይህን የሚልከው ተገድዶ ነው። የግዛቱ ሕግ ለእንዲህ ያለ ፈቃድ፣ ስብሰባው ከመካሄዱ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ፣ ከቦታው በ300 ጫማ (91 ሜትር ገደማ) ዙሪያ ላሉ የንብረት ባለቤቶች ደብዳቤ እንዲላክ ያዛል። በዋሽንግተን ዲሲ ለዞን (የመሬት አጠቃቀም) ጉዳዮች ርቀቱ 200 ጫማ ነው። ስሞቹ የሚወጡት ከንብረት ግብር መዝገብ ሲሆን፣ በብዙ ከተሞች ካርታውንና የአድራሻ ዝርዝሩን ለማቅረብ የሚደክመው ራሱ አመልካቹ ነው። ይህንኑ እየሠሩ የሚኖሩ ድርጅቶችም አሉ። ተቀባዮቹ ከ1,000 ከበለጡ ከተማው ደብዳቤውን ትቶ ቢያንስ የጋዜጣ ገጽ ስምንተኛ የሚያህል ማስታወቂያ ማውጣት ይችላል።

ፍርድ ቤትም እጁ አለበት። ቬንቹራ ካውንቲ ለአንድ ባለመሬት ቦታውን እንዲሸነሽን ሲፈቅድለት፣ አጎራባቹ «ሳልሰማ ተወሰነብኝ» ብሎ ከሰሰ። ካውንቲው በሕዝብ ሕንፃዎች ላይ ማስታወቂያ መለጠፉንና ለጠየቀ ሁሉ መላኩን ቢያስረዳም፣ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 ይህ አይበቃም አለ፦ ንብረቱ በጉልህ የሚነካበት ሰው ከውሳኔው በፊት ሊነገረውና ሊደመጥ ይገባል።

መደመጥ ግን መከልከል አይደለም። መንደሩ ሁሉ ተነሥቶ ቢቃወምም ፈቃዱ ሊሰጥ ይችላል። እንዲያውም ጎረቤት እየተቃወመ የቤት ግንባታን ማጓተቱ ስለበዛ፣ ግዛቱ በጓሮ የሚሠሩ ተጨማሪ ትንንሽ ቤቶች ያለ ስብሰባ እንዲፈቀዱ አድርጓል። በቤት እጥረት ለሚሰቃይ ግዛት ተገቢ ውሳኔ ይመስለኛል።

የማይዋጥልኝ ሌላ ነገር ነው። የግብር መዝገብ የሚያውቀው ባለቤቱን ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው ሌላ ከተማ ለሚኖረው አከራይ ሲደርስ፣ ከምግብ ቤቱ ሙዚቃ ጎን የሚተኛው ተከራይ ላይሰማ ይችላል። ለተከራዮችም የሚልኩ ከተሞች አሉ፤ የግዛቱ ሕግ በስም የሚጠራው ግን ባለቤቱን ነው። ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ስም ያለውን የሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ክፍል በመሰለ ሰፈር የአገራችን ሰው በሁለቱም ወገን ሊገኝ ይችላል፤ አንዱ ፈቃድ ጠያቂ ነጋዴ፣ ሌላው ደብዳቤ የማይደርሰው ተከራይ።

ደብዳቤው ከደረሰዎ ግርጌውን ሳያነቡ አይጣሉት። ብዙ ጊዜ እዚያ የሚገኘው ዓረፍተ ነገር፣ ኋላ ፍርድ ቤት ቢሄዱ ማንሳት የሚችሉት በስብሰባው ላይ ወይም ከዚያ በፊት በጽሑፍ በእርስዎም ሆነ በሌላ ሰው የተነሣውን ነጥብ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ፖስታው መንገድ ላይ ቢጠፋም «አልደረሰኝም» ማለት ብቻውን ውሳኔውን አያስፈርስም። መሄድ ካልቻሉ ቅሬታዎን በሁለት መስመር ጽፈው ከቀኑ በፊት ያስገቡ።