«ገበቴ» ወይስ «ድፍን አካል»? የኤሌክትሪክ ጊታር እንጨት ስያሜ

በትእዛዝ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ጊታር ሲታሰብ አስቀድሞ ከሚወሰኑት ነገሮች አንዱ የአካሉ እንጨት ነው። ይህን የሚመለከት ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ የጊታሩን ዋና ክፍል «ገበቴ» ለማለት ይሳባል፤ የክራርና የበገና ተመሳሳይ ክፍል በዚህ ስም ይጠራልና። ይሁን እንጂ ቃሉ እዚህ ላይ ሲገባ ከስያሜ ስሕተት አልፎ የሥራ ስሕተት ያስከትላል። «የዋንዛ ገበቴ» የሚል ትእዛዝ የደረሰው አናጢ እንጨቱን መፈልፈል ይጀምራል።

ገበቴ በመሠረቱ የቤት ዕቃ ስም ነው። በፎገራ ሜዳ፣ በወረታና በቁሐር ሚካኤል አካባቢ፣ እንደ ሌላው የጎንደር ገጠር ሁሉ፣ ገበቴ ሲባል ከወፍራም እንጨት ተፈልፍሎ ለሊጥ ማቡኪያና ለመሰል አገልግሎት የሚውል ዕቃ ይታሰባል። የበገና ገበቴም ከዋንዛ ወይም ከሌላ እንጨት ተፈልፍሎ አፉ በቆዳ ይለበጣል። አውታሩ ሲነካ ንዝረቱ በበርኩማው በኩል ወደ ቆዳው ያልፋል፤ ገበቴው ውስጥ ያለው አየርም ድምፁን ያጎላዋል። የክራር ገበቴ ደግሞ ከብረት ሳሕንም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የቃሉን ፍች የሚሸከመው ባዶ ሆድ መኖሩ ነው፤ የእንጨቱ ዐይነት አይደለም።

የፌንደር ኩባንያ በ1950፣ ጊብሰን በ1952 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ያቀረቧቸው ታዋቂ ጊታሮች ግን እንዲህ ያለ ሆድ የላቸውም። የብረቱ አውታር ከፒክአፑ መግነጢስ በላይ ሲንቀጠቀጥ በተጠመጠመው ሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጠራል፤ ድምፁን የሚያጎላውም ማጉያው ነው። አካሉ አንገቱን፣ ድልድዩንና ፒክአፑን ይሸከማል። በመሆኑም እንጨት መራጩ በመጀመሪያ ክብደትን፣ በሚገባ መድረቁን፣ አለመሰንጠቁንና ብሎን አጥብቆ መያዙን ይመለከታል። ውፍረቱ 44 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የተለመደ አካል በግምት 4 ሊትር እንጨት ይይዛል። እንጨቱ በሊትር 450 ግራም ቢመዝን አካሉ 1.8 ኪሎ ይሆናል፤ እንደ ወይራ ካለ፣ በሊትር ወደ 950 ግራም ከሚመዝን እንጨት ቢሠራ ግን 3.8 ኪሎ ይደርሳል። ዋንዛ ቀለል ያለና ለመሣሪያ የሚመች በመሆኑ እዚህ ላይም ሊታሰብ ይገባዋል።

ሌላው አጠያያቂ ስያሜ «ድምፅ ሰጪ እንጨት» የሚለው ነው። በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ የእንጨቱ ዐይነት ድምፁን ምን ያህል እንደሚለውጥ ሠሪዎችና ተመራማሪዎች አልተስማሙም። ስለዚህ ቃሉ ራሱ ለአንደኛው ወገን መፍረድ አይኖርበትም።

ለ«ገበቴ» ተቃራኒ የሚሆነው «ድፍን» ነው። ድፍን ምስር ከክክ የሚለየው ባለመከፈሉ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ቃሉ ያልተነካካ ምሉእነትን ያመለክታል። ለሌላው ዐይነት «ፍልፍል» ማለት ይቻል ነበር፤ ዳሩ ግን በተለምዶ ቦክስ ጊታር የሚባለው ከስስ ሳንቃዎች ተጣብቆ የሚሠራ እንጂ የሚፈለፈል ስላልሆነ «ውስጠ ባዶ» ይሻላል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን፦

ድፍን አካል፦ የድምፅ ሆድ የሌለው የጊታር አካል።
ውስጠ ባዶ አካል፦ አየር የሚይዝ ሆድ ያለው።
ከፊል ውስጠ ባዶ አካል፦ መካከሉ ድፍን፣ ጎንና ጎኑ ባዶ የሆነ።
የአካል እንጨት፦ አካሉ የሚሠራበት ማናቸውም እንጨት።

እንደ ማሆጋኒ፣ አልደርና ሜፕል ያሉ የውጭ ዛፎች ስሞች በድምፃቸው ይጻፉ እንጂ በአገር በቀል ዛፍ ስም አይተኩ። «ገበቴ» ለክራርና ለበገና እንደ ተጠበቀ ይቆያል።